ጥያቄና መልስ፦ ድኩላን በመነጽር ለማየት

በዚህ እትም ከአዲስ አበባ ዙሪያ የደረሱንን የርቀት መነጽር ጥያቄዎች አሰባስበናል። መነጽር ስንል ባለሁለት ዓይኑን ባይኖኩላር፣ ስኮፕ ስንል ደግሞ ትሪፖድ ላይ የሚቆመውን ባለአንድ ዓይን ቴሌስኮፕ ማለታችን ነው።

ጥያቄ፦ ቅዳሜና እሁድ ከጓደኞቼ ጋር ወደ ሱባ ጫካ እንወጣለን። ድኩላ ሁልጊዜ ይቀድመናል፤ እኛ ሳናየው እሱ አይቶን ይሄዳል። ሱቅ ገብቼ 8×42፣ 10×42፣ 20×50 እና ከ10 እስከ 30 እጥፍ የሚያጎላ ባለ 60 አሳዩኝ። ሻጩ «ትልቁን ውሰድ» ይላል። እናንተስ?
*ት. ገ.፣ ከመናገሻ*

መልስ፦ 8×42ቱን ይውሰዱ። ሻጩ የነገረዎት መሸጥ የሚፈልገውን ነው።

የመጀመሪያው ቁጥር ስንት እጥፍ እንደሚያጎላ ይናገራል፤ ሁለተኛው የፊተኛው ሌንስ ስፋት በሚሊ ሜትር ነው። ሁለተኛውን ለመጀመሪያው ያካፍሉት፤ ከመነጽሩ ወጥቶ ዓይንዎ ውስጥ የሚገባውን የብርሃን ክብ ስፋት ያገኛሉ። 8×42 ላይ 5.25 ሚሊ ሜትር፣ 10×42 ላይ 4.2፣ 20×50 ላይ 2.5 ብቻ ነው። ያ የመጨረሻው መነጽር 30 እጥፍ ላይ ሲደርስ ወደ 2 ይወርዳል። የዓይናችን ብሌን በጠራራ ፀሐይ ከ2 እስከ 3 ሚሊ ሜትር ይጠብባል፤ ጎህ ሲቀድ ጫካ ውስጥ ግን 5 እና ከዚያም በላይ ይከፈታል። ስለዚህ እኩለ ቀን ላይ ሱቅ በር ቆመው ካወዳደሩ አራቱም እኩል ብሩህ ይመስሉዎታል። ልዩነታቸው የሚታወቀው ከንጋቱ 12 ሰዓት ተኩል ላይ፣ ጥድ ሥር ነው።

የምኒልክ ድኩላ ወንዱ ሲጎለምስ ወደ ጥቁር ይጠጋል፤ ሴቷ ቀላ ያለ ቡናማ ናት፣ ቀንድም የላትም። ሁለቱም ቁጥቋጦ ጥግ፣ ጥላ ውስጥ ቆመው ማዳመጥ ይወዳሉ። ጫካው ጥቅጥቅ ባለበት ከ100 ወይም ከ150 ሜትር በላይ አሻግሮ ማየትም አይቻልም፤ ዛፉ ይከልላል። እንስሳው ቅርብ ነው ማለት ነው። የጎደለዎት ማጉላት ሳይሆን ጥቁሩን ከጥቁሩ የሚለይ ብርሃን ነው።

ሁለተኛው ነገር የእይታ ስፋት ነው። 100 ሜትር ርቀት ላይ ጥሩ 8×42 ወደ 13 ሜትር የሚጠጋ ስፋት ያሳያል፤ 10×42 ወደ 11 ሜትር፤ 20×50 ግን 6 ሜትር ገደማ ነው። ቅጠል ሲንቀሳቀስ በዓይንዎ አይተው መነጽሩን ሲያነሱ፣ በዚያ ጠባብ ቀዳዳ ቦታውን እስኪያገኙት ድኩላው እንደ ውሻ ጮሆ ሄዷል። ሦስተኛው መንቀጥቀጥ ነው። ዳገት ወጥተው፣ አየሩ በሳሳበት ከፍታ ላይ፣ ልብዎ እየደለቀ 20 እጥፍ የሚያጎላ መነጽር ቢያነሱ የእጅዎንም መንቀጥቀጥ 20 እጥፍ ያጎላዋል። ያለ ትሪፖድ የሰው እጅ የሚችለው 10 እጥፍ ድረስ ነው። ከጫካው በላይ፣ ወጨጫ ተራራ ገላጣ ዳገት ላይ የሚውል ሰው 10×42 ቢመርጥ አንከራከረውም።

ባለዙም መነጽሩን ግን ይርሱት። ሁለቱ ቱቦዎች ሁልጊዜ በእኩል ማጉላት አለባቸው፤ የሚያያይዛቸው ክፍል ትንሽ ሲላላ ግራው 14 ቀኙ 15 እጥፍ ያጎላል። አንጎል ሁለቱን ምስሎች ለማስማማት ሲታገል ራስ ምታት ይከተላል። በዝቅተኛው ማጉላት ላይ እንኳ የእይታ ስፋቱ ዙም ከሌለው መነጽር ይጠብባል።

መነጽሩን ካገኙ በኋላ አስተያየትም አለው። ይቀመጡ፤ ክርንዎን ጉልበትዎ ላይ ያሳርፉ፤ ወይም ዱላዎን ከፊት ተክለው በእጅ የያዙትን መነጽር ጫፉ ላይ ያስደግፉ። ሙሉ ድኩላ አይፈልጉ፤ ሙሉውን የሚያዩት ሲሮጥ ነው። ቀጥ ብለው በቆሙት ግንዶች መካከል አግድም የሆነ መስመር፣ የሚርገበገብ ጆሮ፣ ከቅጠል መሃል የሚያበራ እርጥብ አፍንጫ ይፈልጉ። ቁጥቋጦ ሲጋርድዎት የፎከሱን መዘውር በዝግታ ወደ ሩቅ ያዙሩት፤ የፊተኛው ቅጠል ሲደበዝዝ ከጀርባው ያለው ይወጣል። አንዱን ገደል ጥግ ቢያንስ 5 ደቂቃ ይዩት፤ ከዚያ ወደሚቀጥለው ይሂዱ።

ጥያቄ፦ መርካቶ «100×180» የሚል ጽሑፍ ያለበት መነጽር ገዛሁ። እጄ ውስጥ የሚገባ ትንሽ ዕቃ ነው። ተታልያለሁ?
*ከለገጣፎ፣ ስሜ ይቅር ያሉ*

መልስ፦ አዎ፤ ቁጥሩ ጌጥ ነው። 180 ሚሊ ሜትር የሚሰፋ ሌንስ የመካከለኛ ሰሃን ያህል ነው፤ እጅ ውስጥ አይገባም።

እውነተኛውን ቁጥር ቤትዎ ማወቅ ይችላሉ። ማስመሪያ፣ ነጭ ወረቀትና የስልክ መብራት ይበቃል። መነጽሩን ከፊትዎ በክንድ ርቀት ይዘው ወደ ብሩህ ሰማይ ያዙሩት፤ ወደ ፀሐይ ግን በፍጹም አይሁን። ዓይን በሚጠጋበት በማያው ሌንስ መሃል ትንሽ ብሩህ ክብ ይታያል። ማስመሪያውን አስጠግተው ስፋቱን ይለኩ። ከዚያ የፊተኛውን ሌንስ ስፋት ይለኩና ለክቡ ስፋት ያካፍሉት። ሌንሱ 24፣ ክቡ 3 ሚሊ ሜትር ከሆነ ያለዎት 8×24 ነው።

አንዳንድ ርካሽ ዕቃ ሌንሱን አስፍቶ ውስጡን በቀለበት ያጠብበዋል። የስልኩን መብራት ከማያው በኩል ከአንድ ክንድ ርቀት ያብሩበትና ወረቀቱን የፊተኛው ሌንስ አፍ ላይ ይያዙ። ወረቀቱ ላይ የሚያርፈው ክብ ከሌንሱ በጉልህ ካነሰ ቀሪው መስታወት ለታይታ የተሠራ ነው።

በማያው መሃል ያለውን ክብ ሲያዩ ቅርጹንም ያስተውሉ። ሙሉ ክብ ከሆነ ጥሩ፤ ጠርዙ በግራጫ ጥላ ተቆርጦ አራት ማዕዘን ከመሰለ ውስጡ ያለው፣ ብርሃኑን የሚያጥፈው ፕሪዝም ቢኬ 7 ከሚባለው ርካሽ መስታወት የተሠራ ነው። የተሻለው ባክ 4 ይባላል። እንደ ሩቢ ቀይ የሚያብለጨልጭ ሌንስም ሰው ይማርካል እንጂ ቀዩን ብርሃን መልሶ ስለሚጥል ምስሉን አረንጓዴ ያደርገዋል። ደህና ሌንስ ላይ የሚታየው ደብዘዝ ያለ አረንጓዴ ወይም ወይን ጠጅ ነጸብራቅ ነው።

የገዙትን ግን አይጣሉት። 8×24 በጠራራ ፀሐይ ይሠራል፤ ለስታዲየምም ይሆናል።

ጥያቄ፦ አባቴ የተዉልኝ የሶቭየት 8×30 መነጽር አለ። አንዱ ዓይን ጭጋግ ይዟል፣ ሳይበት ደግሞ ዓይኔ ይደክማል። ማሠራት ያዋጣል ወይስ አዲስ ልግዛ?
*መ. አ.፣ ከሰበታ*

መልስ፦ ሁለት የተለያዩ በሽታዎች ናቸው፤ ለየብቻ እንያቸው።

ጭጋጉን ለመለየት ጨለማ ክፍል ውስጥ የስልክ መብራት ከፊተኛው ሌንስ በኩል ያብሩና ከማያው በኩል ይመልከቱ። እንደ ሸረሪት ድር የተዘረጋ ክር ካዩ ሻጋታ ነው፤ ክረምቱን ቆዳ ማኅደር ውስጥ ተዘግቶ ከርሟል ማለት ነው። ክር የሌለው፣ እኩል የተቀባ ስስ ግርዶሽ ከሆነ ግን የቆየ ቅባት ተንኖ ሌንሱ ላይ ያረፈ ነው፤ እሱ ይጸዳል። ሻጋታም ቶሎ ከተደረሰበት ይጸዳል፤ ከቆየ የሌንሱን ልባጥ ስለሚበላው ጠባሳው አይለቅም።

የዓይን ድካሙ ሁለቱ ቱቦዎች ወደ አንድ አቅጣጫ ስለማያዩ ሊሆን ይችላል፤ አንድ ጊዜ መውደቅ ይበቃል። መፈተኛው ይኸው፦ ራቅ ወዳለ ቀጥ ያለ ጠርዝ፣ ለምሳሌ ወደ ቆርቆሮ ጣሪያ አናት፣ አነጣጥረው መነጽሩን ቀስ እያሉ ከዓይንዎ 10 ወይም 15 ሴንቲ ሜትር ያርቁት። በሁለቱ ክቦች ውስጥ ያለው ጠርዝ በአንድ መስመር ካልገጠመ፣ አንዱ ከፍ ሌላው ዝቅ ካለ፣ ፕሪዝሙ ተናግቷል።

ሁለቱንም ማስተካከል የሚችለው የኦፕቲክስ መሣሪያ ያለው ባለሙያ ነው። ራስዎ ብሎን ፈትተው ፕሪዝሙን ካነሱት በነበረበት አይመለስም። ጥገናው ከአዲስ መካከለኛ መነጽር ዋጋ ግማሽ ካለፈ አናማክርም፤ የአባት ዕቃ ስለሆነ ቢያሠሩት ግን የሚነቅፍዎት የለም። የዚያ ዘመን የሶቭየት መነጽሮች ምስሉን ቢጫ ያስመስላሉ፤ ያ ብልሽት አይደለም። እያንዳንዱ ማያ ለየብቻ የሚዞርና ውስጡ መስመር የተሰመረበት ከሆነ ለወታደር የተሠራ ነው፤ ይዘውት ከመውጣትዎ በፊት ባለቤትነቱን የሚያሳይ ወረቀት ይኑርዎት።

ጥያቄ፦ ወንድሜ ኮሎራዶ ነው የሚኖረው፤ እዚያ በፈቃድ አጋዘን ያድናል። ሲመጣ ከ20 እስከ 60 እጥፍ የሚያጎላ ባለ 80 ሚሊ ሜትር ስኮፑን ሊተውልኝ ይፈልጋል። እዚህ ምን ይሠራልኛል?
*ሰ. ደ.፣ ከቡራዩ*

መልስ፦ ወንድምዎ የሚያድነው ሚውል ዲር የሚባለውን ባለትልቅ ጆሮ አጋዘን ከሆነ ስኮፕ የያዘው በምክንያት ነው። አገሩ ገላጣ ነው፤ አዳኙ አንድ ኮረብታ ላይ ተቀምጦ ከአንድ ኪሎ ሜትር ማዶ ያለውን ተረተር ይፈትሻል። መጀመሪያ በመነጽር ያገኘዋል፣ ከዚያ ቀንዱ ያን ሁሉ መንገድ የሚያስኬድ መሆኑን በስኮፕ ይወስናል። ፀሐይ ከመውጣቷ ግማሽ ሰዓት ቀደም ብሎ ከጠለቀችም በኋላ እስከ ግማሽ ሰዓት ድረስ ማደን ሕጉ ስለሚፈቅድለት ትልቅ ሌንስ ያስፈልገዋል። በምሥራቅ አሜሪካ ጫካ ውስጥ ባለነጭ ጭራውን አጋዘን የሚያድን ሰው ግን ስኮፕ ይዞ ሲዞር እምብዛም አያዩም፤ 8×42 ይበቃዋል። የእርስዎም ሱባ ከዚያኛው ጋር ነው የሚመሳሰለው።

ስለዚህ ለድኩላ አይሆንም። ሱሉልታ ሜዳ ላይና ገፈርሳ ውሃ ዳር ግን ንጉሥ ነው። ባለሰማያዊ ክንፉን ዝይ ከወዲያኛው ዳርቻ ያለ ጥርጥር ይለዩበታል። ገፈርሳ የከተማው የመጠጥ ውሃ ግድብ ስለሆነ ጠባቂዎቹን ሳያነጋግሩ ትሪፖድ አይትከሉ። ወደ ወታደራዊ ካምፕ፣ ወደ ግድብ ግንብና ወደ መገናኛ ማማ ማነጣጠርም ጣጣ አለው።

ስለ 60 እጥፉ አይጓጉ። 80 ለ60 ሲካፈል 1.3 ሚሊ ሜትር ነው፤ ምስሉ ይጨልማል። ከዚያ የባሰው የአየሩ ሙቀት ነው። ከጠዋቱ 3 ሰዓት ተኩል በኋላ ሜዳው ሲሞቅ አየሩ እንደሚፈላ ውሃ ይርገበገባል፤ ስኮፑ መርገብገቡንም አብሮ ያጎላዋል። የትኛውም ውድ መስታወት ይህን አያስተካክለውም። ከ25 እስከ 35 እጥፍ ባለው ውስጥ ይሥሩ፤ ከዚያ በላይ የሚጠቅመው ዝናብ ካባራ በኋላ ወይም ማለዳ ነው።

ወንድምዎን ስለ ትሪፖዱ አጥብቀው ይጠይቁት፤ ስኮፑን ሰጥቶ ትሪፖዱን ካስቀረ ግማሹን ነው የሰጠው። ስኮፑ ብቻውን አንድ ኪሎ ተኩል ይደርሳል። ለፎቶ የሚሸጠው ቀላል ትሪፖድ እንጦጦ ነፋስ ላይ እንደ ሸምበቆ ይወዛወዛል። ወደ 2 ኪሎ የሚመዝን፣ አናቱ በፈሳሽ ቅባት ለስልሶ የሚዞር ይሁን። የመሃል ምሰሶውን ከፍ አያድርጉ፤ ቁመት ካስፈለገ እግሮቹን ያርዝሙ፣ ከመሃሉ ቦርሳዎን ያንጠልጥሉ። ማያው ወደ ላይ ያዘነበለ ስኮፕ ትሪፖዱን ዝቅ አድርጎ ለማቆምና ቁመታቸው ለሚለያይ ሰዎች ለመቀባበል ይመቻል፤ ቀጥ ያለው ከመኪና መስኮት ለማነጣጠር ይፈጥናል።

መስታወቱ ኢዲ የሚባለው፣ የቀለም ጥለትን የሚቀንሰው ዓይነት መሆኑን ለማወቅ ስኮፑን በ40 እጥፍ ሰማይ ላይ ወደተዘረጋ የመብራት ሽቦ ያዙሩት። ከሽቦው ግራና ቀኝ ወይን ጠጅና አረንጓዴ ጥለት ጎልቶ ከታየ አይደለም።

ወንድምዎ ከመምጣቱ በፊት አንድ ነገር፦ መነጽርና ስኮፕ ቦሌ ጉምሩክ ላይ ጥያቄ ይነሳባቸዋል፤ ፈቃድ ከሌለ ዕቃው ሊያዝ ይችላል። ወንድምዎ ቲኬት ከመቁረጡ በፊት እርስዎ ጉምሩክን ጠይቀው የሚያስፈልገውን ደብዳቤ ያዘጋጁ።

ጥያቄ፦ የዓይን መነጽር አደርጋለሁ። በርቀት መነጽር ሳይ ዙሪያው ጥቁር ይሆንብኛል፣ ጓደኛዬ የሚያየው ጥርት ያለ ለእኔ ይደበዝዛል።
*ወ/ሮ ብ.፣ ከዓለም ገና*

መልስ፦ ጥቁሩ የሚመጣው ዓይንዎ ከማያው ስለሚርቅ ነው። ማያው ላይ ያሉትን የጎማ ቀለበቶች ጠምዝዘው ወይም አጥፈው ወደ ውስጥ ያስገቧቸው። አሁንም ካልተስተካከለ መነጽሩ ለእርስዎ አይሆንም፤ ሲገዙ የዓይን ርቀቱ (ሙሉው ምስል እየታየ ዓይን ከማያው ሊርቅ የሚችለው) ከ16 ሚሊ ሜትር የማያንስ ይምረጡ፣ ከአምራቹ መግለጫ ላይ ይገኛል።

ብዥታው የማስተካከያ ጉዳይ ነው። ቀኝ ማያ ላይ የዳይኦፕተር ቀለበት አለ። የቀኙን የፊት ሌንስ በእጅዎ ሸፍነው 50 ሜትር ያህል ራቅ ወዳለ ጽሑፍ በመሃለኛው መዘውር ግራውን ያጥሩ። ከዚያ የግራውን ሸፍነው፣ መዘውሩን ሳይነኩ፣ ቀለበቱን ብቻ እያዞሩ ቀኙን ያጥሩ። ቀለበቱ የቆመበትን ቁጥር ያስታውሱ፤ ለጓደኛዎ ባዋሱት ቁጥር ይዛነፋል።

ጥያቄ፦ አርሲ ውስጥ በፈቃድ ከሚያሳድን ድርጅት ጋር እንስሳ ፈላጊ ሆኜ ልቀጠር ነው። መነጽር መግዛት አለብኝ ወይስ የጠመንጃው መነጽር ይበቃል? ደግሞስ በእኛ አካባቢ ድኩላ ማደን ይቻላል?
*ከሆለታ*

መልስ፦ ከሁለተኛው ልጀምር፦ ያለ ፈቃድ በየትኛውም ቦታ አይቻልም። የአገሪቱ የዱር እንስሳት ሕግ አደንን በፈቃድ ብቻ ነው የሚያውቀው። ፈቃዱ እንስሳውንና ቦታውን ለይቶ የሚጽፍ ወረቀት እንጂ ጠመንጃ ላለው ሁሉ የሚሰጥ መብት አይደለም።

በጠመንጃ መነጽር መፈለግ በፍጹም የማይደረግ ነገር ነው። በእሱ ያዩት ሁሉ አፈሙዝ የዞረበት ነው፤ ከቁጥቋጦው ጀርባ ያለው ከብት ጠባቂ ልጅ ወይም እንጨት የተሸከመች ሴት ልትሆን ትችላለች። መጀመሪያ በመነጽር ይለያል፤ ጠመንጃ የሚነሳው ከዚያ በኋላ ነው።

አርሲና ባሌ የሚፈልጉት የደጋ አጋዘን ኢትዮጵያ ውስጥ ብቻ የሚገኝ፣ ለመጥፋት አደጋ የተጋለጠ እንስሳ ስለሆነ ስህተት አይመለስም። ከ3,000 ሜትር በላይ አስታ በሚባለው የደጋ ቁጥቋጦ ውስጥ ይውላል፤ ከሸለቆ ማዶ ሆነው ነው የሚያገኙት። 10×42 ይያዙ፣ ትሪፖድ ላይ ማሰሪያ ይግዙለት። አብዛኛው ደህና መነጽር ከፊት ማጠፊያው ላይ ቆብ አለው፤ ቆቡን ሲፈቱት የሩብ ኢንች ብሎን ቀዳዳ ይወጣል። ትሪፖድ ላይ የቆመ 10×42 በእጅ ከተያዘ፣ 15 እጥፍ ከሚያጎላ መነጽር የበለጠ ያሳያል። ስኮፑን ድርጅቱ ያቅርብ፤ እሱ የሚያስፈልገው የወንዱን ዕድሜና የቀንዱን ርዝመት ከጆሮው ጋር አነጻጽሮ ለመገመት ነው። ውሃ የማያስገባና ውስጡ ናይትሮጅን የተሞላ መሆኑን ሳያረጋግጡ ግን ምንም አይግዙ፤ ከብርዱ ወደ ድንኳን በገቡ ቁጥር ውስጡ ላብ የሚይዝ መነጽር ጠዋት ላይ አያሳይዎትም።

ጥያቄ፦ የትምህርት ቤታችን ክበብ ሁለት መነጽሮች አሉት። አቧራው ያስቸግረናል፤ በነጠላ ጫፍ ነው የምንጠርገው።
*የ11ኛ ክፍል ተማሪ፣ ከሱሉልታ*

መልስ፦ ነጠላውን ተዪው፤ ጥጡ ራሱ ለስላሳ ነው፣ ግን የያዘው አቧራ ድንጋይ ነው፤ ስትጠርጊ ሌንሱን ይፍቀዋል። መጀመሪያ በጎማ መንፊያ ንፊበት፤ በአፍሽ አይሁን፣ ምራቅ ይረጫል። ቀጥሎ በለስላሳ ብሩሽ አራግፊው። የጣት አሻራ ብቻ ከቀረ ንጹሕ የሌንስ ጨርቅ ላይ የሌንስ ፈሳሽ አንድ ጠብታ አድርገሽ ከመሃል ወደ ዳር እያዞርሽ ጥረጊው። ፈሳሹን ሌንሱ ላይ አታንጠባጥቢ፤ በጠርዙ ወደ ውስጥ ይሰርጋል። የእጅ ሳኒታይዘር የተቀባ ጣትም ልባጡን ስለሚያበላሽ አባላቱ ሳይደርቅ እንዳይነኩት ንገሪያቸው።

ክረምት ላይ እርጥብ ሆኖ ከተመለሰ ማኅደሩ ውስጥ አትክተቱት። ቆቦቹን ከፍታችሁ አየር ባለበት ክፍል አሳድሩት፤ ፀሐይ ላይ ወይም እሳት ዳር ግን አይሁን። ከዚያ ክዳኑ በሚገጥም የፕላስቲክ ዕቃ ውስጥ፣ ከጫማ ካርቶን የሚወጡትን የእርጥበት መምጠጫ ከረጢቶች አራት አምስት ጨምራችሁ አስቀምጡት። ከረጢቶቹን በየወሩ ቀይሯቸው፤ እርጥበት ጠጥተው ከጠገቡ በኋላ ጥቅም የላቸውም።